ትንሽ ቀረን

«ተሳስተሃል! ኧረ ፋራ!» አለ ኮምፒውተሩ።

ወይዘሮ ሸዋገነት እጃቸውን ከማውሱ ላይ የጋለ ድስት እንደነካ ሰው አነሡ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናቸው፤ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ የመጡት የፕሪንተር ወረቀት ፍለጋ ነበር። ልጆቹ «እስቲ ይሞክሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ለምነው ነው ያስቀመጧቸው።

«እኔን ነው?» አሉ ዘወር ብለው።

ቶኩማ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያውን ያያል። ጃለኔ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ያልተፈታ የጫማ ክሯን ታስራለች። ናኦሚን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ የእሷ ነው።

«ስድቡንስ ቻልኩት» አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት እየተነሡ። «በዚህ ዕድሜዬ ወንድ ልጅ የሆንኩት ግን መቼ ነው?»

በሩን ዘግተው እንደወጡ የታፈነው ሳቅ ፈነዳ። ናኦሚ ብቻ አልሳቀችም።

ሦስቱም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችና የኮምፒውተር ክበብ አባላት ናቸው። ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ሲለፉበት የቆዩት ነገር ሃንደል ስለሚባል የድሮ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የሚያስተምር ሲዲ ነው። ሐሳቡን ያመጣው የኮምፒውተር አስተማሪያቸው መምህር ጉርሙ ነው። በአምቦ ዙሪያ ባሉ ከተሞች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ አላቸው፤ የሙዚቃ መሣሪያ ግን በመጽሐፋቸው ላይ ካለው ሥዕል ሌላ አያውቁም። «ክራርም ፒያኖም ልገዛላቸው አልችልም» ይላል መምህር ጉርሙ፤ «ኮምፒውተር ግን አንድ አንድ አላቸው።» ሃንደልን የመረጠውም በምክንያት ነው። በመዘምራን ውስጥ ለዓመታት ሲዘምረው የኖረውን አንድ መዝሙር የደረሰው ይህ ሰው መሆኑን ካወቀ ወዲህ ስለ እሱ አውርቶ አይጠግብም።

ሲዲው ዝም ብሎ የሚታይ አይደለም። ሲከፈት የአውሮፓ ካርታ ይመጣል። ሃሌ የምትባለውን የጀርመን ከተማ ሲነኩ ሃንደል የተወለደበት ቤት ይታያል። ጣሊያንን ሲነኩ በወጣትነቱ ሙዚቃ ሊማርና ሊሠራ የሄደበት መንገድ ይዘረጋል። ለንደንን ሲነኩ ወንዝ ላይ ጀልባ ብቅ ይላል፤ ጀልባውን ሲነኩ ደግሞ በዚያ ወንዝ ላይ ለንጉሡ የተጫወቱለት ሙዚቃ ይሰማል። ሥዕሎቹን የሣለችው ጃለኔ ናት። ቁልፎቹን ያገናኛቸውና ቫይረስ በበላቸው ቁጥር እየተራገመ እንደገና የሠራቸው ቶኩማ ነው። የኦሮምኛው ድምፅ የቶኩማ፣ የአማርኛው የናኦሚ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄ አለ። «ሃንደል አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው የት ነው?» ልክ የመለሰ «ጎበዝ! ልክ ነህ!» ይባላል። ወይዘሮ ሸዋገነት ግን ጣሊያንን ነኩ።

መምህር ጉርሙ ሲገባ ፊቱ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ወይዘሮ ሸዋገነት ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ ‹ኮምፒውተርህ ሰደበኝ› አሉኝ።»

«‹ፋራ›ን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ ቲቸር» አለ ቶኩማ ፈጥኖ።

«ቅዳሜ ሲዲውን ልናሳይ ጊንጪ ትምህርት ቤት ስንሄድ የሚነኩት ልጆች ብቻ አይደሉም። ርዕሰ መምህሩም ይነኩታል። ሽማግሌ ሰው ናቸው። እኚያን ሰውዬ ‹ተሳስተሃል› ብለን ሲዲውን ተቀበሉን ልንል ነው?»

«ችግሩ እሱ ነው» አለች ናኦሚ ቀስ ብላ። «‹ፋራ› ቢጠፋም ‹ተሳስተሃል› አለ። ሴት ልጅ ስትነካውም ‹ተሳስተሃል› ነው የሚላት። ኮምፒውተሩ ማን እንደነካው አያውቅም።»

«እንግሊዝኛ ቢሆን አንድ ቃል ይበቃን ነበር» አለ ቶኩማ። «የኔም ኦሮምኛ ያው ነው። ‹ዶጎጎርቴታ› ብያለሁ፤ ለትልቅ ሰው ‹ዶጎጎርተኒቱ› ነው መባል ያለበት።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንጠይቀው» አለች ናኦሚ። «የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ቁልፍ እናድርግ። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። የነካው ሰው የራሱን ይምረጥ። እኔ መልሶቹን ሁሉ በሦስት ዓይነት እቀዳለሁ።»

መምህር ጉርሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። የትምህርት ቤቱ ማይክሮፎን ከተበላሸ ስለቆየ ናኦሚ የቶኩማን ስልክ ወስዳ ቤቷ እንድትቀዳ ተስማሙ። መምህሩ ሊወጣ ሲል ከበሩ መለስ አለ።

«ናኦሚ፣ እናትሽ ቅዳሜ እንድትሄጂ መፍቀዳቸውን ጃለኔ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል።»

ናኦሚ ወደ ጃለኔ ዞረች። ጃለኔ እንደገና ወደ ጫማዋ ጎንበስ ብላ ነበር። ናኦሚ «አልፈቀደችም» ለማለት አፏን ከፈተች፤ መምህር ጉርሙ ግን ሄዷል። ወይም ቢጠሩት በሚሰማበት ርቀት ላይ ነበር፤ እሷ አልጠራችውም።

«ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?» አለች ጃለኔ፣ አብረው ወደ ቤት ሲሄዱ። «ዛሬ ስም ካልሰጠሽ በቦታሽ ከሌላ ክፍል ልጅ ሊጨምር ነበር።»

«እማዬ እኮ የት እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ እንቢ ብላለች። ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ።»

«አውቃለሁ። እሷ ለምን እንቢ እንደምትልም አውቃለሁ።»

አምቦ ውስጥ ይህን የማያውቅ የናኦሚ ጓደኛ የለም። እናቷ አስካለች የምትሠራው ሆስፒታል ነው፤ ካርድ ክፍል። ሌላው ሰው በጊንጪ የሚያልፈውን የአዲስ አበባ መንገድ በአስፋልቱ፣ በጤፉ ማሳና በየመንገዱ በሚሸጠው ድንች ያውቀዋል፤ አስካለች የምታውቀው ከአደጋ ተሸክመው ባመጧቸው ሰዎች ነው። ናኦሚ ለትምህርት ስትወጣ በባጃጅ በስተግራ በኩል እንዳትቀመጥ፣ የሁሉቃ ወንዝን ድልድይ ስትሻገር በዳር እንዳትሄድ፣ የተበጠሰ ሽቦ ካየች ሮጣ እንድትርቅ ይነገራታል። አባቷ በሥራ ምክንያት እንጭኒ ከተማ ነው የሚኖረው፤ መጥቶ በተመለሰ ቁጥር «ደረስኩ» እስኪል ድረስ እናቷ እህል አትቀምስም።

«ለመዝሙር ከሆነ ግን ትፈቅዳለች» አለች ጃለኔ። «አምና ከመዘምራን ጋር ስንሄድ ፈቅዳልሽ የለ? የቤተ ክርስቲያን መኪና፣ ሽማግሌዎች፣ ጸሎት...»

«ጃሌ፣ ተይ።»

«አታካብጂ! ማንን ጎዳን? ሄደን ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን። ካልሆነ እኮ ድምፅሽ ብቻውን ጊንጪ ሊሄድ ነው፤ አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ሽንኩርት ልትልጪ።»

ናኦሚን የነካት ይኸው ነበር። ያን ያህል ጊዜ የተለማመደችው፣ ቶኩማ በሳቀ ቁጥር እንደገና የቀዳችው ድምፅ፣ የማያውቋት ልጆች መሀል ሲሰማ እሷ ፊታቸውን አታይም። ሲስቁ አታይም፤ ጀልባውን ነክተው ሙዚቃው ሲመጣ እንዴት እንደሚሆኑ አታይም።

የሰፈራቸው መታጠፊያ ላይ አንድ ባጃጅ ቆመ። አስካለች ወረደች፤ ሁለቱንም ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው፣ የጎደለ ነገር እንደሌለ ልታረጋግጥ።

«አከም ጂርቱ አዴ አስካለች!» ብላ ጃለኔ ፈጠን አድርጋ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት። «ናኦሚን ቅዳሜ ይልቀቁልን እንጂ። ከመዘምራን ጋር ጊንጪ ፕሮግራም አለን።»

«ጊንጪ?» የአስካለች ቅንድብ ተነሣ። «በማን መኪና?»

«በቤተ ክርስቲያኑ።»

«ሾፌሩ ማን ነው?»

«ያው የአምናው።»

«ሽማግሌዎች አብረው ይሄዳሉ?»

«እንዴ፣ ያለ ሽማግሌ መቼ ተሄዶ ያውቃል?»

ጃለኔ ዓይኗን ሳታርገበግብ ነው የምትመልሰው። ናኦሚ የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቶቿ ትፈትላለች። እናቷ ወደ እሷ ዞር ብላ ትንሽ አየቻት፤ ናኦሚ ዝም አለች። ዝም ማለት መዋሸት እንዳልሆነ ለራሷ ነገረችው፤ ራሷ ግን አላመናትም።

«እንግዲህ ለመዝሙር ከሆነ ጌታ ይጠብቃችኋል» አለች አስካለች ተንፍሳ። «ሹራብ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ጊንጪ ብርድ ነው።»

ጃለኔ ስትሰናበት በአስካለች ጀርባ አውራ ጣቷን ለናኦሚ አሳየቻት።

ናኦሚ ቤት እንደገባች መኝታ ክፍሉን ዘጋች። የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለች፤ የቶኩማን ስልክ አፏ አጠገብ አድርጋ ጀመረች።

«ተሳስተሻል፤ እንደገና ሞክሪ።» ይህ ቀላል ነበር። «ተሳስተዋል፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።» ይህኛው አልሆነላትም። አንዴ እንደ ሬዲዮ፣ አንዴ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ይሆንባታል። «ይቅርታ፣ ተሳስተዋል! እባክዎ...»

በሩ ተከፈተ። አስካለች ማማሰያ እንደያዘች ቆማለች፤ ነጠላዋን በፍጥነት እየደረበች ነው።

«ማን መጣ?»

«ማንም።»

«‹እርስዎ› የምትዪው ማንን ነው? ምንድን ነው የተሳሳቱት? ፖሊስ ነው?» ዓይኗ በአልጋው ሥር ሳይቀር ዞረ። ከዚያ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ አየች። «መስኮቱን ለምን ሸፈንሽው? ምን ሆነሻል ልጄ፣ ኢንተለ ኮ?»

ናኦሚ ሳቀች። ከዚያም የሲዲውን ነገር ከወይዘሮ ሸዋገነት ጀምራ ነገረቻት። «ኧረ ፋራ» የሚለው ጋ ስትደርስ እናቷ ማማሰያውን አልጋው ላይ ጥላ በሳቅ ተንከተከተች። ናኦሚ እናቷ እንዲህ ስትስቅ ካየች ቆይታለች።

«ሴትዮዋ አልተቀየሙም?»

«ቀስ ብለው ነው የወጡት።»

«ቀስ ብለው ከወጡ ተቀይመዋል» አለች አስካለች፤ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሰውን ‹ተሳስተዋል› አይባልም። በ‹እርስዎ›ም ብትዪው ያው ነው፤ አክብሮ መምታት ነው። እኔ መስኮት የሚመጣው ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ይሳሳታል። ካርዱን ይረሳል፤ የታመመው ልጁ ሆኖ የራሱን ስም ይነግረኛል። ‹ተሳስተዋል› እያልኩ ቢሆን እስካሁን በድንጋይ ተወግሬ ነበር።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

«‹ትንሽ ቀረን› እላለሁ።»

«‹ቀረዎት›?»

«‹ቀረዎት›ማ ጥፋቱን እሱ ላይ መጫን ነው። ‹ቀረን› ነው እንጂ። ‹ትንሽ ቀረን አባቴ፣ እስቲ ስሙን እንደገና እንየው› እለዋለሁ። ያኔ አብረን የተሳሳትን ስለሚመስለው አይቆጣም።»

ናኦሚ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ትንሽ ቀረን። እስቲ እንደገና እንሞክር። በአእምሮዋ አንዴ ለቶኩማ፣ አንዴ ለጃለኔ፣ አንዴ ለወይዘሮ ሸዋገነት አለችው። ለሦስቱም ልክ መጣ።

«እማዬ! ይሄ እኮ ለሁሉም ይሆናል! ለወንዱም፣ ለሴቷም፣ ለሽማግሌውም! ሦስት ቁልፍ አያስፈልግም!»

«ምኑ?»

«አንቺ በይው። በዚህ ውስጥ። እንደዚያ መስኮቱ ጋ እንደምትዪው።»

አስካለች «እኔ? ሂጂ ወዲያ» አለች። ጉሮሮዋን ግን ጠረገች። መጀመሪያ ስልኩ እንዳያቃጥላት የፈራች ይመስል ራቅ አድርጋ ያዘችው። ሁለተኛው ላይ ሳቀች። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ፣ ደከም ያለ ሰውን ደግፎ እንደሚያስቀምጥ እጅ ሆኖ ወጣ፦ «ትንሽ ቀረን። እስቲ እንደገና እንሞክር።» ለትክክለኛው መልስ ደግሞ «አገኘነው!» አለች።

ሲሰሙት አስካለች አፏን ያዘች። «ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ? ጉንፋን የያዘኝ እመስላለሁ!» ሆኖም ደግማ አሰማችው። ከዚያ «ለመሆኑ ሰውየው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ናኦሚም የሃንደልን ታሪክ ተረከችላት። አባቱ ሕግ እንዲማር ፈልጎ እንደነበር፣ ጣሊያን እንደሄደ፣ ከዚያ ለንደን ገብቶ እዚያው እንደቀረ፣ ዜግነቱን እንደቀየረ፣ እዚያው እንደተቀበረ። አስካለች ሁሉንም ሰማች።

«እናቱስ?» አለች መጨረሻ ላይ።

«ምን?»

«እናቱ። ይሄን ያህል ዓመት ሰው አገር ሲኖር እናቱ የት ነበረች?»

ናኦሚ አሰበች። ሲዲው ላይ የተወለደበት ቤት አለ፤ የንጉሡ ጀልባ አለ፤ እናቱ የለችም። «አላውቅም። ነገ አያለሁ።»

አስካለች ማማሰያዋን አንሥታ ወጥዋ እንዳያርባት ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ዘወር አለች። ሳቁ ከፊቷ ገና አልጠፋም።

«ይሄ ድምፄ ግን የት ነው የሚሰማው?»

«ትምህርት ቤቶች» ብትል እውነት ነው። እናቷ «እሺ» ብላ ትወጣለች፤ ናኦሚም ቅዳሜ ሹራቧን ይዛ ትሄዳለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እናቷ ግን ያንን ለስላሳ ድምፅዋን ሰጥታ፣ የት እንደሚሄድ እየጠየቀች ቆማለች።

«ጊንጪ» አለች ናኦሚ። «ቅዳሜ። መዘምራን የሚባል የለም እማዬ። በትምህርት ቤት ሚኒባስ ነው የምንሄደው፤ ይሄን ሲዲ ልናሳይ። ያው እንቢ ያልሽው ጉዞ ነው።»

ሳቁ ከአስካለች ፊት ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ ወጡ አልሄደችም። ተመልሳ ቁጭ አለች።

«የዋሸችኝ ጃለኔ ናት ወይስ አንቺ?»

«እሷ ተናገረች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መሄድ ስለፈለግኩ ነው።»

ከወጥ ቤት የወጡ መንተክተክ ይሰማል።

«እኔ ክፉ ስለሆንኩ ይመስልሻል እንቢ የምለው» አለች አስካለች። «ካርድ ላይ ስም እጽፋለሁ፤ ቀጥሎ ዕድሜ ነው። ያንቺ ዕድሜ ሲሆን እስክሪብቶው አይታዘዘኝም። ያን ቀን ቤት መጥቼ ጫማሽን በር ላይ እስካየው ድረስ...» አልጨረሰችውም። ተነሣች። «አሁን እሺም እንቢም አልልሽም። ወጡ አረረ።»

በማግስቱ ቶኩማ አዲሱን ድምፅ ሰምቶ ራሱን ያዘ። «ሦስቱን ቁልፍ ትናንት እስኪመሽ ስሠራ ነበር እኮ! አዴ አስካለች በአንድ ቃል ሙድ ያዙብኝ!» ደግሞ ሰማው። «ለኦሮምኛውም ይሠራል። ‹ጢቆ ኑ ሀፌ›። አሪፍ ነው።»

ናኦሚ ግን መምህር ጉርሙን ነበር የምትጠብቀው። ሲገባ ሳትቀመጥ ነገረችው። «ቲቸር፣ እናቴ ገና አልፈቀደችም። ትናንት ‹ፈቅደዋል› ስትለኝ መናገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ።»

መምህር ጉርሙ ወደ ጃለኔ አየ። ጃለኔ ወደ መሬት አየች። «እስከ ነገ ቦታሽን ለማንም አልሰጥም» አለ ለናኦሚ።

እሱ እንደወጣ ጃለኔ ቀርባ በሹክሹክታ «ለእናትሽም ነገርሻት?» አለች።

«ነገርኳት።»

«አጋለጥሽኝ እኮ! ከእንግዲህ አዴ አስካለች ፊት በምን ዓይኔ ነው የምቆመው?»

«አንቺ ላይ አላሳበብኩም። ዝም ማለቴንም ነው የነገርኳት።»

«እኔ ለአንቺ ብዬ ዋሸሁ፤ አንቺ ለራስሽ ብለሽ እውነቱን ተናገርሽ» አለች ጃለኔ። ዓይኗ ውኃ ሞልቷል። ወንበሯን አንሥታ ወደ ሌላኛው ኮምፒውተር ሄደች።

ያለችው ሙሉ በሙሉ ውሸት እንዳልነበረ ናኦሚ አወቀች።

ናኦሚ ቀኑን ሙሉ መምህር ጉርሙ ከቤተ ክርስቲያን በተዋሰው ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ አቀርቅራ ዋለች። መዝገበ ቃላት እያገላበጠች የሃንደልን እናት ፈለገች፤ አገኘቻትም። ስሟ ዶሮቲያ ነው። ለገጹ የሚሆነውን ጥቂት መስመር ጽፋ ለቶኩማ ጮክ ብላ አነበበችለት። «ሥዕል ያስፈልገዋል» አለ ቶኩማ፤ ሁለቱም ወደ ጃለኔ ጀርባ አዩ። ጃለኔ ዘወር አላለችም፤ ሊደወል ሲል ግን ማንንም ሳታናግር አንድ ሥዕል ቶኩማ ፊት አስቀምጣ ወጣች። አንዲት አሮጊት በር ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኖቿ ተከድነዋል፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋለች።

«አገኘኋት» አለች ናኦሚ ማታ፣ እናቷ እራት እያቀረበች ሳለ። «እዚያው ሃሌ ነበረች። እሱ ደብዳቤ ይልክላት ነበር። ስታረጅ ዓይኗ ጠፋ።»

«አየሽ!» አለች አስካለች፤ የፈራችው ነገር በራሷ ላይ የደረሰ ይመስል። «ሳያያት ሞተች በይኛ።»

«አይ፣ ሄዶ አይቷታል። ከመሞቷ በፊት ባለው ዓመት።»

«ከለንደን? በምን ሄደ?»

«በመርከብና በፈረስ ሠረገላ ነዋ።»

«በሠረገላ!» አስካለች ሳህኑን አስቀመጠች። «የዚያን ጊዜ መንገድ፣ ጭቃው፣ ሽፍታው... መርከቡስ ቢሰጥም?» ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ላለፈው ሰው ግንባሯ ተጨማደደ።

«ደርሷል እኮ እማዬ።»

«ደረሰ?»

«ደረሰ። ተመልሶም ለንደን ገባ።»

አስካለች ናኦሚን አጎረሰቻት፤ ራሷ ግን አልበላችም። ትንሽ ቆይታ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትነሡት?» አለች።

ናኦሚ ጉርሻውን ሳትውጥ ቀና አለች። «ልሂድ?»

«እኔም እሄዳለሁ። ዛሬ ጠዋት ከዓለሚቱ ጋር ተራ ተለዋውጫለሁ።» ዓለሚቱ ካርድ ክፍል አብራት የምትሠራ ናት። «ምን ታፈጪብኛለሽ? ቤት ቁጭ ብዬ መቶ ጊዜ ከምትገለበጡብኝ፣ አብሬያችሁ ሄጄ አንድ ጊዜ ብንገለበጥ ይሻላል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ቆሟል። መምህር ጉርሙና ቶኩማ፣ የጊንጪው እንቢ ቢል ብለው፣ የራሳቸውን ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከኋላ እየጫኑ ነው። አስካለች ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሯ ነካ ነካ አድርጋ ዞራ ጨረሰች፤ ከዚያ በድሉ የሚባለው ሾፌር መስኮት ጋ ቆመች።

«ማታ በደንብ ተኝተሃል?»

«እንደ ሕፃን እናቴ!»

«ሕፃንማ ሌሊቱን ሲያለቅስ ነው የሚያድረው።»

በድሉ ሳቀ፤ መምህር ጉርሙም ሳቀ። አስካለች አልሳቀችም፤ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። የፊቱን ወንበር አደገኛ ነው ብላ፣ የኋላውን በር የለውም ብላ፣ የመሀሉን መረጠች። ናኦሚ አጠገቧ ስትቀመጥ እናቷ የራሷን ጣቶች ጨብጣ እንደያዘች አየች። ሆኖም ተቀምጣለች። አስፋልቱን እያየች ተቀምጣለች።

«ናኦሚ! ከኋላ ነይ፣ እዚህ አሪፍ ነው!» አለ ቶኩማ ከኮምፒውተሩ ጎን።

የመጨረሻዋ ጃለኔ ነበረች። ከዘገየች ማንም እንደማያያት ያሰበች ይመስል በሩ ላይ ቆማ ጸጉሯን ታስተካክላለች። አስካለችን ስታይ ፊቷ ቀላ። «እንደምን አደሩ» አለች ለማንም ባልሆነ ድምፅ፤ ዝቅ ብላ ወደ ኋላ ልታልፍ ተራመደች።

ናኦሚ ዝም ብላ ልታሳልፋት ትችል ነበር። ቶኩማ ጋ ሄዳ እስከ ጊንጪ እየተሳሳቁ መሄድም ትችል ነበር፤ እናቷ አትከለክላትም። እጇን ዘርግታ የጃለኔን የሹራብ እጅጌ ያዘች።

«ጃሌ፣ እዚህ ቦታ አለ።»

ጃለኔ ወደ አስካለች አየች። አስካለች ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ማየቷን አልተወችም። ከዚያ በእሷና በናኦሚ መሀል ያስቀመጠችውን ቦርሳ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

ናኦሚም ወደ እናቷ ጠጋ አለች። ጃለኔ ተቀመጠች፤ መምህር ጉርሙ በሩን ዘጋው።